የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለሰፊ ግቢ የሚሆን ዜሮ ተርን የሣር ማጨጃ

ጥያቄ፦ ሦስት ሄክታር የሚጠጋ ይዞታ አለኝ። ቤቱ፣ መንገዱና የአትክልቱ መደብ ሲቀነስ በየሳምንቱ የሚታጨደው ሣር ሁለት ሄክታር ተኩል ያህል ይሆናል። ከቤቱ ፊት ያለው ሜዳ ሲሆን ብዙ ዛፎች አሉበት፤ ከቤቱ ጀርባ ደግሞ መሬቱ እየዘቀዘቀ ወርዶ ኩሬ ላይ ያበቃል። እስካሁን የምጠቀምበት ባለ መሪ የሣር ማጨጃ ትራክተር በየዛፉ ዙሪያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲመላለስ ቀኑን ስለሚፈጅብኝ ባለበት ቦታ የሚዞረውን ማጨጃ፣ ዜሮ ተርን፣ ለመግዛት ወስኛለሁ። ሻጩ በተቀራራቢ ዋጋ ሁለት ማሽኖች አሳይቶኛል። አንዱ ባለ 27 የፈረስ ጉልበት ሆኖ የመቁረጫ ስፋቱ 152 ሴንቲሜትር ነው፤ ሌላው ባለ 22 የፈረስ ጉልበትና ባለ 132 ሴንቲሜትር ነው። ሻጩ የሚመክረኝ ትልቁን ነው። የትኛውን ልውሰድ?

መልስ፦ ስለ ሁለቱ ማሽኖች ከመነጋገራችን በፊት ስለ ኩሬው መነጋገር ይኖርብናል፤ በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ እርሱ ነውና።

ዜሮ ተርን የሚነዳውም፣ የሚመራውም፣ የሚቆመውም በኋላ ጎማዎቹ ብቻ ነው። እያንዳንዱ የኋላ ጎማ የራሱ የሃይድሮሊክ ፓምፕና ሞተር አለው፤ አሽከርካሪው በግራና በቀኝ እጁ የሚይዛቸው ሁለት ዘንጎችም እያንዳንዳቸው አንድ ጎማ ያዛሉ። አንዱ ጎማ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ሲሽከረከር ማሽኑ ባለበት ቦታ ላይ ይዞራል፤ በዛፎችዎ መካከል የሚያስፈልግዎትም ይኸው ችሎታ ነው። የፊት ጎማዎቹ ግን ወደተገፉበት የሚዞሩ ተከታዮች እንጂ አቅጣጫ የሚሰጡ አይደሉም። ስለዚህ የኋላ ጎማዎቹ መሬቱን መቆንጠጥ ሲሳናቸው አሽከርካሪው መሪውንም ፍሬኑንም በአንድ ጊዜ ያጣል። በትራክተርዎ ላይ የኋላ ጎማ ቢንሸራተት የፊቶቹን አዙሮ አቅጣጫ ለማስቀየር መሞከር ይቻላል፤ ዘንግ ባለው ዜሮ ተርን ላይ ግን ይህ ዕድል የለም። እርጥብ ሣር ላይ መንሸራተት የጀመረ ማሽን ብዙውን ጊዜ የሚቆመው ቁልቁለቱ ሲያልቅ ነው፤ የእርስዎ ቁልቁለት የሚያልቀው ደግሞ ውኃ ውስጥ ነው።

በመሆኑም ወደ ሻጩ ከመመለስዎ በፊት ተዳፋቱን ይለኩት። ልኬቱ ቀላል ነው። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ጣውላ ይውሰዱና አንዱን ጫፍ ከላይኛው በኩል መሬት ላይ ያሳርፉ፤ ሌላውን ጫፍ ወደ ቁልቁለቱ አቅጣጫ ዘርግተው በውኃ ልክ እስኪስተካከል ድረስ ከፍ ያድርጉ፤ ከዚያም ወደ ቁልቁለቱ ከተዘረጋው ጫፍ ሥር እስከ መሬቱ ያለውን ክፍተት ይለኩ። ክፍተቱ 18 ሴንቲሜትር ያህል ከሆነ ተዳፋቱ 10 ዲግሪ ነው፤ 27 ሴንቲሜትር ያህል ከሆነ 15 ዲግሪ ደርሷል። አብዛኞቹ አምራቾች ከ15 ዲግሪ በላይ በሆነ ተዳፋት ላይ ዜሮ ተርን እንዳይነዳ ይከለክላሉ፤ አንዳንዶቹ ገደቡን 10 ዲግሪ ላይ ያቆሙታል። ለእርስዎ ማሽን የሚሠራው በራሱ መመሪያ መጽሐፍ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው፤ ተዳፋቱ በምን አቅጣጫ መታጨድ እንዳለበትም ከዚያው ያንብቡ። መለካት ያለብዎትም በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በበርካታ ቦታዎች ነው፤ ምክንያቱም አማካዩ ለዘብ ያለ የሚመስል ተዳፋት በመሐሉ አንድ አደገኛ ሸንተረር ሊኖረው ይችላል፤ ማሽን የሚገለበጠውም በአማካዩ ላይ ሳይሆን በዚያ ሸንተረር ላይ ነው።

ገደቡን ባያልፍ እንኳ ከኩሬው ዳር ቢያንስ የማሽኑን ስፋት ሁለት እጥፍ የሚያህል ርቀት ሳይነኩ ይተዉ። ያንን ጠርዝ በእጅ በሚያዝ ማጨጃ ያስተካክሉት ወይም ረዘም ብሎ እንዲያድግ ይልቀቁት። ከዳር ያለ አፈር በውኃ ስለሚላላ የማሽኑን ክብደት ላይሸከም ይችላል፤ ክብደቱ ደግሞ ቀላል የሚባለው ማሽን ላይ እንኳ ወደ 300 ኪሎ ግራም፣ ከባዱ ላይ ከ500 ኪሎ ግራም በላይ ነው። ከመቀመጫው በስተኋላ የሚቆመው የመገልበጥ መከላከያ ቅስት ያለበትን ማሽን ይምረጡ፤ ቅስቱ ሲቆም የደህንነት ቀበቶው ይታሰራል። ለዝቅተኛ ቅርንጫፍ ብለው ቅስቱን ካጠፉት ግን ቀበቶውን አይታሰሩ፤ ማሽኑ ቢገለበጥ ቀበቶው ከሥር ይዞ ያስቀርዎታልና። ቅርንጫፉን እንዳለፉ ሁለቱንም ወደ ቦታቸው ይመልሱ። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ላስፈራዎት አይደለም፤ በሽያጭ ቦታ ላይ ብዙ ስለማይነገር ነው።

አሁን ወደ ስፋቱ እንምጣ። በአንድ ሰዓት የሚታጨደውን ስፋት ለማወቅ የመቁረጫውን ስፋት በፍጥነቱ ያባዙና ለመዞሪያና ለመደራረብ ከመቶ 20 ያህል ይቀንሱ። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ቢነዱ ባለ 152ቱ በሰዓት ወደ 1.2 ሄክታር፣ ባለ 132ቱ ወደ 1.06 ሄክታር ያጭዳሉ። ለሁለት ሄክታር ተኩል የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ፣ ሁለተኛው ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጃሉ። ልዩነቱ በሳምንት ሃያ ደቂቃ እንኳ በቅጡ አይሞላም። ይህም መሬቱ ሁሉ ሜዳ ሆኖ ባለማቋረጥ ቢነዳ ነው፤ ዛፍ በበዛበት ቦታ ሰፊው ማሽን ብልጫውን መልሶ ያጣዋል። ሁለት ዛፎች በተቀራረቡበት የማያልፍ ከሆነ ተጨማሪ ዙር ይጠይቃል፤ ጉብታ ባለበት ላይ ደግሞ ሰፊው ዴክ፣ ማለትም ስለቶቹን የያዘው የብረት ሳጥን፣ የመሬቱን ቅርጽ መከተል ስለሚያስቸግረው ጉብታውን እስከ አፈሩ ይልጠዋል። የአጥር በርና የማስቀመጫ ቤት በርም አይርሱ፤ ሣሩ በጎን የሚወጣበት ክዳን ሲወርድ ማሽኑ ከዴኩ ስፋት በላይ 30 ሴንቲሜትር ያህል ይሰፋል። ክዳኑን ነቅሎ መንዳት ደግሞ የማይታሰብ ነው፤ ስለቱ ያገኘውን ድንጋይ በዚያ በኩል ወርውሮ ሰው ሊጎዳ ይችላል።

የፈረስ ጉልበቱን በተመለከተ ሐሳቤን በግልጽ ልናገር፤ ሻጮች መጀመሪያ የሚጠቅሱት ቁጥር እርሱ ነው፣ በውሳኔዎ ውስጥ ግን ከመጨረሻዎቹ አንዱ መሆን አለበት። ለ132 ሴንቲሜትር ዴክ 22 የፈረስ ጉልበት በቂ ነው። ማሽኑ ዐሥር ዓመት ያገለግልዎ እንደሆነ በዋናነት የሚወስኑት የኋላ ጎማዎቹን የሚያንቀሳቅሱት የሃይድሮሊክ አካላት ናቸው። ሻጩን “ሃይድሮሊኩ የማን ነው፣ ሞዴሉስ ስንት ነው?” ብለው ይጠይቁት። ለምሳሌ ሃይድሮ-ጊር የተባለው አምራች 2800፣ 3100፣ 3400 እና 5400 በሚሉ ቁጥሮች የሚታወቁ ምርቶች አሉት፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ለበለጠ ክብደትና ለረጅም የሥራ ሰዓት የተሠራ ነው ማለት ነው። ከዚህ በታች ባሉት ቀላል ዓይነቶች ላይ ሃይድሮሊኩ ታሽጎ የሚመጣ ስለሆነ ዘይቱን እንደ ልብ መቀየር አይቻልም፤ ሲደክም በአብዛኛው ሙሉ በሙሉ ይተካል። ጠንከር ያሉት ግን ዘይታቸውና ፊልትሯቸው ይቀየራል፤ የመጀመሪያው ቅያሪ በአብዛኛው ከ75 እስከ 100 ሰዓት ባለው ጊዜ ይከናወናል፤ ቀጣዩ በየ400 ወይም 500 ሰዓቱ ይደረጋል። ሁለት ሄክታር ተኩል በየሳምንቱ ለሚያጭድ፣ በዚያም ላይ ተዳፋት ለሚወጣ ሰው ዘይቱ የማይቀየር ሃይድሮሊክ አልመክርም። ቁልቁለትና ሙቀት ዘይቱን ያደክሙታል፤ የደከመ ዘይት ደግሞ ፓምፑን ይበላዋል።

ቀጥሎ ከዴኩ ሥር ጎንበስ ብለው ይመልከቱ። አንዳንዱ ዴክ ከአንድ ላሜራ በፕሬስ ተጨምቆ የሚወጣ ነው፤ ቀለል ይላል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ሌላው ከወፍራም ላሜራ ተቆርጦ በብየዳ የሚገጣጠም ነው። ውፍረቱ በጌጅ ሲገለጽ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብረቱ ይወፍራል፤ 12 ጌጅ 2.7 ሚሊሜትር፣ 10 ጌጅ 3.4 ሚሊሜትር፣ 7 ጌጅ ደግሞ 4.6 ሚሊሜትር ያህል ነው። የዛፍ ሥር በበዛበት ግቢ ውስጥ በየጊዜው ስለሚጋጭ ባለ ብየዳ 10 ጌጅ ወይም ከዚያ የወፈረ ቢሆን እመርጣለሁ። የስለቶቹ ዘንግ የሚቀመጥበትን ቤትም ይመርምሩ፤ ኩሽኔታው ግራሶ የሚሰጠው ነው ወይስ የታሸገ? ብቻውንስ ሊቀየር ይችላል? ስለትና ቺንጋ በየጊዜው የሚለወጡ ስለሆኑ መለዋወጫቸው በቅርብ የሚገኝ መሆኑን ሳያረጋግጡ ገንዘብ አይክፈሉ። ጥገና የሚሰጠው ጋራዥ የት እንደሆነና በሥራ ወቅት ማሽኑን ስንት ቀን እንደሚያቆይ መጠየቅ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይነግርዎታል።

ስለ መቀመጫው ብዙ አልልም፤ ዜሮ ተርን ንዝረቱን ወደ ወገብ ስለሚያስተላልፍ ስፕሪንግ ያለው መቀመጫ ቅንጦት አይደለም። ከመግዛትዎ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ሸካራ መሬት ላይ ይንዱት።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። የተዳፋቱ ልኬት ከመመሪያው ገደብ በታች ከሆነ፣ የ132 ሴንቲሜትሩ ሃይድሮሊክ ዘይቱ የሚቀየርለትና ዴኩም ባለ ብየዳ ከሆነ እርሱን ይውሰዱ። ሁለቱ ማሽኖች በተቀራራቢ ዋጋ መቅረባቸው ራሱ የሚናገረው ነገር አለ፤ ትልቁ ስፋትና ጉልበት ሲጨምር ዋጋው ካልጨመረ ገንዘቡ ከአንድ ቦታ ተቀንሷል ማለት ነው፤ የሚቀነሰውም ብዙውን ጊዜ ከሃይድሮሊኩና ከላሜራው ላይ ነው። ይህን ሁለቱን ማሽኖች ጎን ለጎን አቁመው ያጣሩ። ተዳፋቱ ከገደቡ በላይ ከሆነ ግን ዜሮ ተርኑን ለፊቱ ሜዳ ብቻ ይግዙና የጀርባውን በሌላ መንገድ ያሳጭዱ፤ ወይም በዘንጎች ፋንታ በመሪ የሚነዳ ሆኖ የፊት ጎማዎቹም አብረው የሚመሩለትን የዜሮ ተርን ዓይነት ይመልከቱ። ይኸኛው በተዳፋት ላይ የተሻለ ቁጥጥር ይሰጣል፤ ቢሆንም የራሱ ገደብ አለው፣ እርሱም መከበር አለበት።

ጥያቄ፦ የግቢ ማስዋብ ሥራ የሚሠራ ድርጅት ሲጠቀምበት የቆየ ከባድ ዜሮ ተርን በአንድ አዲስ የቤት ማሽን ዋጋ ሊሸጥልኝ ነው። ሰዓት ቆጣሪው 800 ያሳያል። ያዋጣል?

መልስ፦ ሊያዋጣ ይችላል። ለድርጅት ሥራ የተሠራ ማሽን በአግባቡ ከተያዘ 800 ሰዓት የእርጅናው መጀመሪያ እንኳ ላይሆን ይችላል፤ ለቤት የተሠራ ቀላል ማሽን ቢሆን ኖሮ ግን ይህ ቁጥር ያሳስበኝ ነበር። ዋናው ነገር ሃይድሮሊኩን በቀዝቃዛነቱ አለመፈተን ነው። ዘይቱ ቀዝቃዛ ሳለ ወፍራም ስለሚሆን ያረጀ ፓምፕ እንኳ ደህና መስሎ ይሠራል፤ ድካሙ የሚታየው ዘይቱ ሞቆ ሲቀጥን ነው። ስለዚህ ሻጩ ፈቅዶ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እንዲነዱት ይጠይቁ፤ ከዚያም ለዘብ ያለ ዳገት ላይ ቀስ ብለው ያውጡት። አንዱ ጎማ የሚሰንፍ፣ ማሽኑ በቀጥታ ሲነዳ ወደ አንድ ጎን የሚሳብ ወይም ከሥሩ የጩኸት ድምፅ የሚሰማ ከሆነ ወደ ኋላ ይበሉ። ትንሽ መሳብ በዘንጎቹ ማስተካከያ ሊወገድ ይችላል፤ ሲሞቅ የሚባባስ መሳብ ግን የፓምፕ ችግር ነው፤ ሁለቱን ፓምፖች መተካት ደግሞ በርካሽ ያገኙትን ማሽን ውድ ያደርገዋል።

ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ከተነቀለና የካንዴላው ገመድ ከተለየ በኋላ ስለቶቹን በጓንት ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ያነቃንቁ፤ ልቅ ከሆኑ ኩሽኔታው አልቋል። የፊት ጎማዎቹን የተሸከሙት ክንዶች ከሻንሲው ጋር የሚገናኙበትን የብየዳ ቦታ በባትሪ መብራት ይመርምሩ፤ ስንጥቅ ወይም በላዩ የተደረበ አዲስ ብየዳ ካለ ማሽኑ ተመትቷል። ሞተሩ ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ወጥቶ ቢጠፋ ያን ያህል አያስደነግጥም፤ ሞተሩ እየሠራ ጭሱ ከቀጠለ ግን ዘይት እየበላ ነው። የዘይት ቅያሪ መዝገብ ያለው ሻጭ ከሌለው ሻጭ ይልቅ ሊታመን ይገባዋል። የመቀመጫውና የእጀታዎቹ መበላት ከቆጣሪው ጋር የማይመጣጠን ከሆነ ቆጣሪው ተቀይሮ ሊሆን እንደሚችል ያስቡ።

ጥያቄ፦ አዲሱ ዜሮ ተርኔ በየመስመሩ ጫፍ ላይ ሲዞር ሣሩን እየነቀለ ክብ ክብ ባዶ ቦታ ይተዋል። ጎማው ይሆን ችግሩ?

መልስ፦ ጎማው አይመስለኝም። አንዱን ጎማ አቁመው በሌላው ብቻ ሲዞሩ የቆመው ጎማ ባለበት ተጠማዞ ሣሩን ከሥሩ ይፈትለዋል። በሚዞሩበት ጊዜ ሁለቱም ጎማዎች ሁልጊዜ እየተሽከረከሩ ይሁኑ፤ በመስመሩ ጫፍ ላይ ፍጥነት ቀንሰው ትንሽ ወደ ጎን ይታጠፉ፣ ከኋላ ያለውን ዞረው አይተው ወደ ኋላ ይመለሱ፣ ከዚያ ወደ አዲሱ መስመር ይግቡ። እርጥብ መሬት ላይ ከመዞር ይቆጠቡ፤ የጎማውንም ንፋስ በመመሪያው ልክ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ በባትሪ የሚሠራ ዜሮ ተርን ለአንድ ሄክታር ተኩል ይበቃል? ወይስ ቤንዚኑን ልያዝ?

መልስ፦ ይበቃ እንደሆነ የሚወስነው የሄክታሩ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ የሣሩ ውፍረትና የሚያጭዱበት ድግግሞሽም ነው። በባትሪው ዓይነት ላይ ለእያንዳንዱ ስለትና ለእያንዳንዱ የኋላ ጎማ የየራሱ የኤሌክትሪክ ሞተር ይኖራል፤ ለስለቱ ሥራው በከበደው መጠን ባትሪው ቶሎ ይቀንሳል። አምራቹ ባትሪው ያጭዳል ብሎ የሚጽፈው የመሬት ስፋት ደረቅና አጭር ሣር በሜዳ ላይ ሲታጨድ የሚገኝ ስለሆነ እርስዎ ከሚያጭዱት ቢያንስ አንድ ሦስተኛ የሚበልጥ አቅም ያለው ይምረጡ። ሣሩ በታጨደ ቁጥር ከርዝመቱ አንድ ሦስተኛ በላይ እንዳይቆረጥ አድርገው በየሳምንቱ የሚያጭዱ ከሆነ የባትሪው ማሽን በእርግጥ ይመቻል፤ የሞተር ዘይት፣ የካንዴላና የነዳጅ ፊልትሮ ጣጣ የለበትም፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው። ሣሩን ለሦስት ሳምንት ትተው ከዝናብ በኋላ የሚገቡ ከሆነ ግን በመሐል ሜዳ ቆሞ ይቀርብዎታል። ባትሪው ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚይዝ፣ ከባዶ እስኪሞላ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ፣ ዋስትናውም ለስንት ዓመት እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የዚህ ማሽን ውዱ ክፍል ባትሪው ነውና።

ቤንዚኑን ከመረጡ ደግሞ በየ50 እስከ 100 ሰዓቱ የሞተር ዘይት መቀየርና ከአንድ ወር በላይ ለማስቀመጥ ሲያስቡ ነዳጁን ማውጣት ወይም ማቆያ መድኃኒት መጨመር ግዴታዎ ይሆናል። ስለት መሳል በሁለቱም ላይ አይቀርም፤ በየ20 ወይም 25 ሰዓቱ ማየት ጥሩ ልማድ ነው።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ ዜሮ ተርኑን መንዳት ይፈልጋል፤ ጎበዝና ጠንቃቃ ነው። ልፍቀድለት?

መልስ፦ አይፍቀዱለት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ተቀምጠው የሚነዱት የሣር ማጨጃ ላይ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይወጣ፣ በእጅ የሚገፋውንም ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይጠቀም ይመክራል። ዜሮ ተርን በተለይ የልጅን ስህተት የሚታገሥ ማሽን አይደለም፤ ዘንጎቹ በድንገት ሲገፉ በቅጽበት ይዘልላል፣ ደንግጦ የሚጎትታቸው ልጅም ማሽኑን ወደ ኋላ ይነዳዋል። ትንንሾቹ ልጆችም ማሽኑ እየሠራ ሳለ ቤት ውስጥ ከሌላ አዋቂ ጋር ይቆዩ፤ በጭን ላይ አድርጎ መዞር የብዙ ልጆችን እግር ያሳጣ ልማድ ነው። ለልጅዎ ዛሬ ሊሰጡት የሚችሉት ሥራ አለ፤ ከማጨዱ በፊት ግቢውን ዞሮ ድንጋይ፣ ሽቦና የወደቀ ቅርንጫፍ ይልቀም፣ ሞተሩ ከጠፋና ቁልፉ በእርስዎ ኪስ ከገባ በኋላም የጎማውን ንፋስ ይለካ።